ሰባት የወረቀት ሽክርክሪት

ሉብና ሰባተኛውን ወረቀት ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሀል በመቀስ ሰነጠቀችው፤ መሀሉ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አቆመች። ከዚያ ጫፎቹን አንዱን እያለፈች አንዱን ወደ መሀል አጥፋ በእስፒል ወጋቻቸውና ከስትሮ ጋር አያያዘቻቸው። እፍ ስትለው ዞረ።

ጣሪያው ላይ ያለው ትልቁ ግን አይዞርም። ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ የተቆረጡ ሦስት ክንፎች፣ ከጀርባቸው ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ሞተር፣ ከሞተሩ በሽቦ የተንጠለጠለች የእጅ ባትሪ አምፖል። ክንፎቹ ሞተሩን ቢያዞሩት አምፖሏ ትበራ ነበር። ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሮ ሁለት ሳምንት ቆመ፤ እንደሚያንቀላፋ ሽማግሌ አልፎ አልፎ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ምንም አላደረገም።

ሞተሩ የጎረቤቷ የጋሽ ይገዙ ነው። አዲሱ ገበያ ሬዲዮና ፕሪንተር ይጠግናሉ። «ካበራልሽ ያንቺ ነው» ብለው ነበር ያዋሷት። ዛሬ ግን ፎቶኮፒ ቤት ያለው መሳይ ልክ እንደዚህ ያለ ሞተር ቸግሮት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስድ ተቀጣጥረዋል። ሉብና ሌላ ሞተር የላትም። ንፋስ አንዲት አምፖል ማብራት ይችል እንደሆነ ሳታውቅ ልትቀር ነው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ጋሽ ይገዙ ፒንሳቸውን ይዘው ገቡ።

«እህ፣ ዛሬም ሱባኤ ላይ ነው?»

«አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ፣ ጋሽ ይገዙ።»

«ሁለት ሳምንት የቀረ ንፋስ በአንድ ሰዓት ሊመጣ? ቀጠሮ ሰጥቶሻል?»

«ንፋሱማ አለ፤ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው እሰማለሁ። በየት እንደሚያልፍ ነው ያላወቅኩት።»

«ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? የጉለሌ ንፋስ ከእንጦጦ ነው የሚወርደው!»

«እኔም እሱን ብዬ እኮ ነው ወደዚያ ያዞርኩት።»

ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ብርዱ ሲመጣ ጀርባቸውን ለእንጦጦ ይሰጣሉ፤ በር ሲያወጡም ከእንጦጦ ያዞራሉ። ቆሞ ያጣራ ግን የለም። ሉብናም ሰው ሁሉ ያለውን ይዛ ነው ጣሪያ ላይ የወጣችው።

ሽክርክሪቶቹን በየቦታው ሰካች፦ ጣሪያው ጫፍ፣ አጥሩ ላይ፣ በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የሮቶው መቆሚያ ላይ፣ የልብስ ማስጫው እንጨት ላይ። ለሰባተኛው ቦታ ስታጣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ በግቢው ግንብና በጎረቤት ባለ ሦስት ፎቅ መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ተከለችው። ከዚያ ሁለቱም ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

የጣሪያው ሽክርክሪት ትንሽ ነቅነቅ አለ። የበሩ ግማሽ ዞሮ ቆመ። የመተላለፊያው ግን ጫፎቹ እስከማይለዩ ድረስ ይሽከረከር ጀመር።

«ሽንት ቤቱ ጋ!» ጋሽ ይገዙ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «እናንተ ቤት ንፋሱም እዚያ ነው የሚመላለሰው!»

ሉብና ከደረጃው ተነሳች። መተላለፊያው ውስጥ ገብታ ቆመች። ንፋሱ ፊቷን የመታት እንጦጦን ጀርባዋ አድርጋ ስትዞር ነበር።

«ጋሽ ይገዙ፣ ይምጡማ። አይወርድም እኮ፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው!»

መጡ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዞረው እንደገና ሞከሩ።

«ሃምሳ ዓመት ኖሬበት...» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፉና፣ «መሰላሉን አምጪ፤ እኔ እይዝልሻለሁ።»

ትልቁን ከጣሪያው አውርደው መተላለፊያው ውስጥ ባቆሙት አጣና ላይ አሰሩት፤ ፊቱንም ወደ ከተማው መለሱት። ክንፎቹ መጀመሪያ እየተጎተቱ ዞሩ፤ ከዚያ ቱር የሚል ድምፅ አወጡ። አምፖሏ ቀላች፣ ድርግም አለች፣ ነጭ ሆና በራች። ጋሽ ይገዙ ብርሃኗን በደንብ ለማየት በሁለት እጃቸው ከፀሐይ ከለሏት።

ስልካቸው ጮኸ። በአንድ እጃቸው አነሱት።

«መሳይ... እ... ማለቴ፣ ሞተሩ አይሆንም። ሥራ ይዟል። በቃ፣ ሌላ እንፈልግልሃለን።»

ሉብና የተገለጠውን ሽቦ በፕላስተር ሦስት ጊዜ ጠመጠመችው፤ ትርፉን በጥርሷ በጠሰችና ጥቅሉን ግንቡ ላይ አስቀመጠችው።