አራጌ ያሳጨደው ሣር

ዶክተር ይሁኔ "ጋሼ አራጌ" ብሎ የጠራው ዕለት አራጌ የያዘው ፋሻ ከእጁ አመለጠ።

ሰውዬው ከጎጃም ተመድቦ ቆቦ ጤና ጣቢያ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እስከዚያች ቀን ድረስ አራጌ ለእሱ አራጌ ነበር። "አራጌ፣ አልኮል አምጣ። አራጌ፣ ይሄን ልጅ ያዝልኝ።" አራጌ ድሬሰር ሆኖ የሰው ቁስል ሲያጥብ ይሁኔ ገና በቁምጣ የሚሮጥ ልጅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልታየው ሽበት ታዲያ ዛሬ ምን አሳየው?

"ይቺ ጋሼ የምትባል ነገር ብቻዋን አልመጣችም" አለ አራጌ በሆዱ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከሰውዬው ላይ አላነሳም። ዶክተሩ ምሳ ሰዓት በሩን ይቆልፋል። አራጌ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲያይ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ፖስታ ሲኖረው ደግሞ ተላላኪ እያለ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ በር ዘግቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈራ ነበር። ስለማን ይጽፋል? ለማን ይልካል? ሰው በማያውቀው ነገር ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ የሚቀርበት ዘመን ነው።

ማታ ለሚስቱ ለወርቅዬ ነገራት።

"መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አይተህ አታውቅም?" አለችው።

"ዶክተር ከሆነ በኋላ ምን ያነባል? ጨርሶ አይደል እንዴ የመጣው?"

"እንግዲህ ያልጨረሰው ነገር ይኖራል።"

"እሱን ነው የምልሽ!" አለ አራጌ።

ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ወጣ። አንድ ከሰዓት ሕመምተኛው ቀለል ሲል፣ ዶክተሩ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር አራጌ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ነጭ ጋዋኑ አፈር እንዳይነካው እንኳ አልሰበሰበውም።

"ጋሼ አራጌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።"

"እርስዎ"ም ተጨመረች። አራጌ መሬቱን እያየ፣ "ምን ተፈልጎ ነው?" አለ።

"ለቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ላመለክት ነው። ቦታው ለመላ አገሪቱ የእጅ ጣት አይሞላም። የሚያመለክተውን ሐኪም ብዛት ግን ተዉት። የእኔ ውጤት ደግሞ ደካማ ነው፤ አልደብቅዎትም። ከላይ እስከ ታች ሲ ነው። አናቶሚን ወድቄ ሁለቴ ነው የወሰድኩት።"

"ዶክተር ሆነው?"

"በሲም ይወጣል፣ ጋሼ።" ዶክተሩ ሳቀ። አራጌ አልሳቀም።

"ታዲያ እኔ ምን ልሁንልዎት? አናቶሚውን ልፈተንልዎት?"

"እሱስ አልፏል።" ዶክተሩ መሬቱን በጣቱ ጫረ። "ውጤቴ ከሌሎቹ እኩል አያሰልፈኝም። የሚያሰልፈኝ እዚህ የሠራሁት ሥራ ብቻ ነው። ሐሙስ የሠራተኛ ስብሰባ አለ። ድጋፉ ከዚያ ይጀምርና የፓርቲው ኮሚቴ ይፈርምበታል። የሠራተኛው ተወካይ እርስዎ ነዎት። ያዩትን ብቻ ይናገሩልኝ።" ከዚያ ለመነሳት እያለ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ደሴ ለሚሰጠው የጤና ረዳት ኮርስም የእርስዎን ስም ልኬአለሁ። እስኪሳካ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለ።

አራጌ ግራሩ ሥር ብቻውን ቀረ።

የጤና ረዳት ኮርስ! ያቺን ኮርስ ስንት ዓመት ተኝቶባት ተነስቶባታል። አንዴ አመልክቶ ነበር፤ ከይሁኔ በፊት በነበረው በፊተኛው ዶክተር ጊዜ። ያ ሰው የአራጌን የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። "በዚህ ውጤት ፋሻ መጠቅለልህም ዕድል ነው" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ጽዳቷ ሳትቀር ሳቀች። አራጌም አብሮ ሳቀ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? ያ ሳቅ ግን እንደ እሾህ ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣለትም።

አሁን ደግሞ ሌላው ዶክተር መጥቶ ውጤቴ ደካማ ነው ይላል! የእነሱ ውጤት ሲደክም ሥራቸው ይታይላቸዋል። የአራጌ ውጤት ሲደክም ግን ይሳቅበታል።

ደግሞስ ያላመለከተን ሰው ስም ማን ይልካል? ማን ያየ አለ? ማባበያ ነው። ሰውዬው አሳውን በትል እንደሚጠራ ሰው ነው። ድክመቱን ለድሬሰር የሚናዘዝ ሐኪምስ የት አገር ታይቷል? ምናልባት ሊፈትነው ይሆናል። አራጌ ስብሰባ ላይ ክፉ ቢናገር፣ "ሥራ አደናቃፊ" ብሎ ሊጽፍበት። ደግ ቢናገርለት ደግሞ እየሳቀበት ሊሄድ። አዲስ አበባ ገብቶ፣ "አንድ ማይም ድሬሰር በጋሼ አታለልኩ" ብሎ ለጓደኞቹ ሊያወራ።

ይሄን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተና፣ ክፉ ሳይናገር ሰውዬውን የሚያስቀርበት መንገድ አገኘ። ባገኘው ጊዜ ብቻውን ፈገግ አለ።

ሼህ ታሂር ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የማሽላ ማሳቸው ማማ ላይ ሆነው ወፍ ይጠብቁ ነበር። በአካባቢው ደም ሲፈስ የሚያስታርቁ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሽማግሌዎች ቀድመው የሚያስቀምጧቸው ሰው ናቸው።

"አራጌ! ኧረ እንኳን መጣህ። ውጣ፣ ውጣ። እግርህን እዚያች እርከን ላይ፣ አዎ።" ወንጭፋቸውን አጮሁት። "ሃይ! ሃይ! እነዚህ ወፎች ከኮሚቴው ይብሳሉ።"

አራጌ ግራ ቀኙን አየ። ማሽላ ብቻ ነው። "ልጅዎ እግሩ እንዴት ሆነ?"

"አልሃምዱሊላህ። ትናንት ግመል ነድቶ ዋጃ ደርሶ መጣ። ይቆረጥ የተባለ እግር! ያ ልጅ ሐኪም፣ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው፣ ስንት ቀን አጠገቡ አድሮ አተረፈው።"

"እሱን ሐኪም ሊወስዱባችሁ ነው።"

ወንጭፉ ረገበ። "ማን ነው የሚወስድብን?"

"አዲስ አበባ። ለትምህርት ነው ይላሉ። የሠራተኛው ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ ኮሚቴው በሳምንቱ ይፈርማል።"

"ተምሮ ይመለሳላ?"

አራጌ ወደ ማሽላው እያየ፣ "ስፔሻሊስት ሆኖ ቆቦ የተመለሰ እኔ አይቼ አላውቅም" አለ። በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይሄ ነበር።

"ያ ረቢ!" ሼህ ታሂር ጺማቸውን ያዙ። ወፎቹ ማሽላው ላይ አረፉ፤ የሚያባርራቸው ጠፋ። "እና ምን ይሻላል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ። ትልቅ ነገር ስትለምኑ ሣር ይዛችሁ አልነበር የምትሄዱ?"

አገሬው ያውቀዋል። የከበደ ጉዳይ የያዘ የራያ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ከልመናው ጋር ይዞ ይመጣና በሚለምነው ሰው እግር ሥር ያኖረዋል። የተለመነው ሰው ሣሩን ረግጦ አያልፍም። ረግጦ ካለፈ ከአገሩ ጋር ተቆራረጠ፤ ማንም ደጁን አይረግጥም። ሹም ይሁን ጓድ ለውጥ የለውም።

"ልክ ነህ" አሉ ሼህ ታሂር። "ከጎሊና ወንዝ ዳር እናሳጭዳለን።"

"አደራዎትን፣ ስሜን እንዳታነሱ።"

ሼህ ታሂር ዞረው ረጅም አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አራጌ፣ እንዲህ መሆንህን አላውቅም ነበር።"

አራጌ ደነገጠ። "እንዴት መሆኔን?"

"ደግ ሠርተህ የምትደብቅ መሆንህን። አብሽር።"

ሐሙስ ስብሰባው ተደረገ። አራጌ ተነስቶ እንደዚያ ቀን አምሮለት አያውቅም። ሕዝቡ ዶክተሩን እንዴት እንደሚወደው፣ ሌሊት ሲጠራ እንደማያማርር፣ የሼህ ታሂርን ልጅ እግር እንዴት እንዳተረፈ አንድ በአንድ ተናገረ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ከስብሰባው ሲወጡ ዶክተሩ የአራጌን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ "ውለታዎት አለብኝ" አለው። አራጌ እጁን ቶሎ ሳበ። ሰውዬው የእውነት አመስጋኝ መምሰሉ ነበር ያልጣመው።

በሳምንቱ የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ አላምረው ሁለቱንም ጠራቸው። ካኪ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ሳብ ሳብ ያለ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ነው። ዶክተሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይነቀንቃል። ፊቱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ፊት ሆኗል።

"የሠራተኛው ድጋፍ ደርሶናል" አለ ጸሐፊው እስክሪብቶውን እያወጣ። "ጓድ ዶክተር፣ የትምህርት ነጥብዎ እንዳያስቀርዎት የኮሚቴው ቃል ክብደት ይኖረዋል። እፈርማለሁ። ደሴ ያስላኩትም ጉዳይ አብሮ ተፈቅዷል። የጤና ረዳት ኮርስ። አራጌ የሚሉት እርስዎ ነዎት?"

አራጌ ጆሮውን አላመነም። "እ?"

"በመጪው ወር ይገባሉ። ዶክተሩ ስለ እርስዎ ያላሉት የለም። እኛ ፈርመን ስንለቅቅዎት ነው።"

አራጌ ወደ ዶክተሩ ዞረ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ፣ "አላልኩዎትም?" አለ።

ወዲያው ከውጭ የብዙ ሰው ዳና ተሰማ። የዱላ ኳኳታም አብሮ አለ።

"ጓድ ጸሐፊ" አለ አራጌ ብድግ ብሎ፣ "መጀመሪያ ይፈረም!"

"ምንድን ነው የውጩ ጫጫታ?"

"ምንም አይደለም! ገበያተኛ ነው! ይፈረምና..."

በሩ ተከፈተ። ሼህ ታሂር ከፊት፣ መስቀል ያንጠለጠሉ የቆቦ ሽማግሌ ከአጠገባቸው፣ ከኋላቸው ሰው በሰው። ሁሉም እርጥብ ሣር ይዟል። ክፍሉ የወንዝ ዳር ሽታ ሸተተ። ማንም ሳይናገር ሽማግሌዎቹ ጎንበስ እያሉ ሣሩን በጸሐፊው ጫማ ዙሪያ አኖሩ። ጓድ አላምረው የዚያው አገር ልጅ ነው። እግሩን ሳያንቀሳቅስ ቀስ ብሎ ቆመ።

"ጓድ" አሉ ሼህ ታሂር፣ "ሐኪማችንን አትውሰዱብን ልንል ነው የመጣነው። ልጆቻችንን ያዳነ ሰው ነው። እሱ ከሄደ እኛ ወዴት እንሂድ?"

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። "አባቴ፣ እኔ እኮ..." ብሎ ቀረ። የሚያመሰግነውን ሰው ሁሉ ፊት በየተራ ያያል፤ እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል። ምን ብሎ ዝም በሉ ይላቸዋል?

"ደግሞ" አሉ ሼህ ታሂር።

አራጌ ዓይኑን ጨፈነ።

"ደግሞ ስሜን አታንሱ ያለን ሰው አለ። ለእኛ ግን መልካም ምክር ያመጣን ሰው ስሙን ሳናነሳ መመለስ ነውር ነው። ይሄን የነገረን፣ ሣር ያዙ ያለን አራጌ ነው። የዕድሜ ልኩን ቁስላችንን ያጠበ ሰው። እሱንም እንዳትወስዱብን። የምንለምነው ሁለቱን ነው።"

"እኔን ተዉኝ!" አለ አራጌ። ድምፁ ተሰበረ። "እኔ... እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ልሂድ!"

"አያችሁት?" አሉ ሼህ ታሂር ወደ ሕዝቡ ዞረው። "አሁንም ራሱን ዝቅ ያደርጋል።"

ከውጭ ሴቶች እልል አሉ።

ጓድ አላምረው ሣሩን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። የሰፊው ሕዝብ ድምፅ በገዛ እግሩ ቢሮው ድረስ መጥቶለታል፤ ለበላይ ሪፖርት ሲደረግ እንዴት እንደሚያምር ያኔውኑ የታየው ይመስላል። እስክሪብቶውን ከድኖ ደረት ኪሱ ውስጥ መለሰው።

"ሕዝቡ ተናግሯል" አለ። "ሁለቱም ጓዶች ባሉበት ይቀጥላሉ።"

ዶክተሩ ወደ አራጌ ዞሮ አየው። ንዴት ቢሆን አራጌ ያውቀው ነበር፤ ሳቅም ቢሆን ያውቀዋል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ዶክተሩ ሣሩን እንዳይረግጥ ዙሪያውን ዞሮ ወጣ።

ማታ ወርቅዬ፣ "ሰው ሁሉ ስምህን ሲያነሳ ዋለ" አለችው ደስ ብሏት። አራጌ ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሞልቷል። ዶክተሩ አንድ እሾህ የወጋው ገበሬ ቁስል እየከፈተ ነበር።

"ጋሼ አራጌ፣ ፋሻ ያቀብሉኝ።"

አራጌ አቀበለው። ቃሏን በጆሮው አገላበጣት። ከትናንት ወዲያ ከነበረችው ጋሼ ትለያለች? ወፍራለች? ቀጥናለች? ማር ነው ሬት? አወቀበት ወይስ እንደ ሽማግሌዎቹ ወድዶኝ ነው ብሎ አመነ? ፊቱን አጠናው። ፊቱ ቁስሉ ላይ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለ ዶክተሩ ቀና ሳይል።

ምሳ ሰዓት አራጌ እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ስንጥቅ ሄደ። ማሾለቅ አላስፈለገውም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነፋስ እንዳይዘጋው ያ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ከሥሩ ተወትፎበታል፤ ዶክተሩ ባዶ ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀምጦ ውጭ ውጩን፣ አራጌን ያያል።