ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም

ሠርጌ ሲቃረብ እናቴ ስለ ድግሱም ስለ ዳሱም ብዙ አልተጨነቀችም። ያስጨነቃት ግራ እግሬ ነው።

ከጉልበቴ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርድ ጠባሳ አለብኝ። ቆዳው ተጨማዶ ነጣ ብሏል፤ ቢነኩትም እምብዛም አይሰማኝም። ለጠየቀ ሁሉ «ራሄል ልጅ ሆና ስትሯሯጥ የፈላ ውሃ ተደፍቶባት ነው» ይባላል። ይህን የምትለው እናቴ ናት፤ እኔ ዝም እላለሁ። ውሃውን የደፋችብኝ ራሷ ናት። ተናዳ ነበር። ምን አጥፍቼ እንደነበር ጠፍቶኛል፤ ድስቱን ከምድጃው ስታነሳው ግን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አልተቀየምኳትም፤ አላለቀስኩምም። ሱሪ መልበስ ለመድኩ፣ በቃ።

እጮኛዬ ወንድምአገኝ ጠባሳውን አይቶታል። የሚባለውን ነገርኩት፣ አመነኝ። እሱ የነገሩትን ሁሉ ያምናል፤ ለትዳር የመረጥኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጣጣው የመጣው በእናቱ በኩል ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆነን፣ «የኛ ቤት ወግ አለ» አለኝ። «በሠርጉ ዋዜማ እማዬ ሴቶቹን ይዛ ከሁሩታ እናንተ ቤት ትመጣለች። እግርሽን ታጥብሻለች።»

ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«እንግዲህ መሸፈን አለበት» አለች። ማን ነው የሚሸፈነው ብዬ አልጠየቅኳትም። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሠለጠንኩበት ሙያ ነው።

በማግስቱ አሚራ ሱቅ ሄድን። አሚራ አሰላ ውስጥ ሙሽራ ታስውባለች፣ ከዱባይ የሚመጣ ሜካፕም ትሸጣለች። ሱሪዬን ሰብስቤ ሳሳያት ፊቷን አልቀየረችም።

«ለፊት የሚሆነው ለዚህ አይሆንም» አለችና ወፈር ያለ ቱቦ አወጣች። «ይሄ ለሰውነት ነው። ወላሂ፣ ውሃ አይበግረውም! ባሕር ገብተሽ ብትዋኚበት እንኳ አይለቅም።»

«እግሯ ሊታጠብ ነው» አለች እናቴ።

«አብሽሪ እናቴ፣ ይታጠብ!»

የመጀመሪያው ቀለም ቀላብኝ፤ እግሬ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ መሰለ። ሁለተኛውን ከሌላ ጋር ቀላቅላ በስፖንጅ እየመታች አለበሰችኝ፤ ላዩ ላይ ፓውደር ነሰነሰች። ከዚያ ሳፋ አስመጥታ ውሃ ደጋግማ አፈሰሰችበት። ንቅንቅ አላለም። ጠባሳ የሚባል ነገር የለም፤ የማንም ሴት እግር ሆኖ ቁጭ አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችውና ፈገግ አለች። ስመረቅ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሏት አላየኋትም። ያኔ ትንሽ ሳልናደድ አልቀረሁም፤ ግን ወዲያው ለቀቀኝ። እንዲህ ያሉ ነገሮች እኔ ዘንድ ብዙ አይቆዩም።

ዋዜማው ደረሰ። አሚራ በጠዋት መጥታ እግሬን ሠርታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ፣ የወንድምአገኝ እናት፣ ከእህቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ገቡ። ገና ከበር ሳሎኑን የሚሞሉ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደ ቁመናቸው ነው። የእግር መታጠቢያ ሳፋ አስቀርበው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰቡት። ቀኙን አጠቡ። ግራውን አጠቡ። እልልታው ቀለጠ። እናቴ ፎጣ ይዛ ከጎናቸው ቆማ ነበር፤ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት።

«በሉ ቅቤውን አምጡልኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

ስለ ቅቤ የነገረን የለም። ወንድምአገኝ መነገር ያለበት ነገር አልመሰለውም፤ እነሱ ቤት እግር አጥቦ ሳይቀባ የሚነሳ ማን አለ? ቱቦው ላይ ስለ ላብ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባሕር ተጽፏል፤ ስለ ሁሩታ ቅቤ ግን አንድ ቃል የለም። እናቴን አየኋት። ፎጣውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

ቀኙን ቀብተው ጨረሱና ግራውን ያዙ። እጃቸውን አንዴ ሳብ እንዳደረጉበት መዳፋቸው ቡናማ ሆነ።

«ምነው፣ አልጠራም እንዴ?» አሉና ጨምረው አሹት። ባሹት ቁጥር ቀለሙ እየቀለጠ ወረደ፣ ጠባሳው ወጣ። እልልታው ቆመ። ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ምንም አልመጣልኝም። የሌላ ሰው እግር እንደማይ ዝም ብዬ አየሁት።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ልጅ ሆና ስትሯሯጥ የፈላ ውሃ...» አለች እናቴ ፈጠን ብላ።

«እሷን ነው የጠየቅኳት፣ እትዬ ተሻለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የተለመደውን ብዬ መገላገል እችል ነበር። ለምን እንዳላልኩ አላውቅም፤ ጀግንነት አይደለም። መሸፈኑ ሰልችቶኝ ነው መሰለኝ።

«እናቴ ናት የደፋችብኝ» አልኩ። «ተናዳ።»

አንዷ ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። እትዬ አስካለ አልጮኹም፣ እናቴንም አልተቆጡም። እጃቸውን ጠራርገው ከበርጩማው ተነሱና የቅቤውን ጎድጓዳ ሳህን ዘረጉላት።

«በሉ እንግዲህ፣ ይችን እግር እርስዎ ይቀቡ።»

እናቴ ለመቀበል ዘገየች። ኋላ ተቀብላ በጉልበቷ ተንበረከከች። ቁስሉ ከዳነ ጀምሮ ያንን ቦታ በእጇ ነክታው አታውቅም። በጣቷ ጫፍ ትነካና የሚፋጅ ይመስል ቶሎ ታነሳለች። ደግማ ትነካለች፣ ታነሳለች።

«አያመኝም፣ እማዬ» አልኳት።

እንዳቀረቀረች «ያን ጊዜስ?» አለች።

«ያን ጊዜማ አሞኛል። በጣም ነበር ያመመኝ።»

አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። እናቴ መስላኝ ነበር። እኔ ነበርኩ።