እስክታርፍ ነው እስክታርፊ

ዕረፍት ማለት አንድ ሰው ሠርቶ ሲደክም፣ አለቃው ፈርሞለት፣ ለተወሰኑ ቀናት ከሥራው የሚለይበት ሕጋዊ ሁኔታ ነው፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባስረዳቸው ይገባቸዋል፣ እናቴን ግን አይገባትም፣ ይገባታል እንጂ፣ አውቃ ነው፣ የቅኔ መምህር ሚስት ሆና አርባ ዓመት የኖረች ሴት አንዱን ቃል ሁለት አድርጋ ትኖርበታለች። ዕረፍት አማረሽ? አለችኝ በጥር፣ እኔ ልረፍና ታርፊያለሽ።

ግንደወይንን አልፈናል፣ ከቢቸና ስንነሳ የጀመረው የሐምሌ ዝናብ ሚኒባሱን አልለቀቀውም፣ እናቴ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገቧ፣ ጉልበቷ ላይ አንድ ነጭ ጥቅል፣ ምን እንደያዘች አልጠየቅኋትም፣ ከጠየቅኋት ትጠይቀኛለች። ሞጣ ጊዮርጊስ ጠበል እንጠመቃለን ብያታለሁ። ሞጣ ላለው ወንድሜ ለምንይሉ ደግሞ እማ ናፍቃሃለች፣ ሁለት ሳምንት ካንተ ጋር ልትቀመጥ ትፈልጋለች ብዬዋለሁ። ሁለት ውሸት፣ አንድ መንገድ።

ማክሰኞ እበራለሁ። ላዳክ፣ የሕንድ ሰሜን ጫፍ። ሂማሊያን ሃያ ስድስት ዓመት በጠመኔ ስዬ በዳስተር አጥፍቻለሁ፣ ዴልሂ የሚማር አምላኩ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ነው ትኬቱን የላከልኝ፣ ፕሮግራሙንም ጭምር፣ ቲቸር፣ ቀን አንድ አየሩን መልመድ ነው፣ ምንም አይሠራም፣ ይላል፣ ይቺን መስመር በቃሌ ይዣታለሁ፣ ምንም አይሠራም። ቀን ሦስት ገዳም፣ ቀን አራት ገዳም፣ ቀን አምስት ገደል አፋፍ ላይ ያለ ገዳም፣ መነኮሳት ሲያዜሙ መስማት፣ ምግብ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በሻይ ታሽቶ። በሶ ነው እኮ። ይህን ለእማ ማንበብ አልነበረብኝም። በሶ ልትበዪ ባሕር ትሻገሪያለሽ? የቡድሃ ሰዎች ጸሎታቸውን ጽፈው በርሜል ውስጥ ከተው በእጅ ያዞሩታል ስላት ደግሞ፣ አባትሽ በመቋሚያ ቆሞ ያለቀበትን እነሱ እንደ ወፍጮ ያዞሩታል በይኛ፣ ምነው እሱ በሕይወት እያለ በነገርሽው፣ አርፈሽ ተቀመጪ።

አርፈሽ ተቀመጪ። ቋንቋችን ክፉ ነው፣ የሚዝናናም ያርፋል፣ የሞተም ያርፋል፣ አውሮፕላንም ያርፋል፣ ጥፊም ጉንጭ ላይ ያርፋል፣ ፖሊስ የያዘው ሰው የሚቆየው ማረፊያ ቤት ነው፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁበት ግን እናቴ ቤት ይባላል። መድኃኒቷ በሰዓቱ፣ እግሯ በቅባት፣ ፖፖዋ ሳይነጋ፣ ስጦታው የሚባል የሒሳብ መምህር ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ፣ ልጄ በጠባይዋ ቁርጥ እኔን ናት ብላ መለሰቻቸው፣ እሱም ሒሳብ አዋቂ ነውና ተመልሶ አልመጣም። የደም ግፊቷ የኮረዳ ነው፣ ሐኪሙ፣ መቶ ዓመት ይኖራሉ ሲለኝ እንኳን ደስ ያለሽ ማለቱ ነበር። የትኬቱን ደንብ አንብቤዋለሁ፣ ቀን የሚለወጠው የቅርብ ዘመድ ሲሞት ብቻ ነው፣ ከነማስረጃው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ።

ጠጪ፣ ትለኛለች፣ በማር የበጠበጠችውን በሶ በኮዳ እያቀበለችኝ፣ እዚያ እንዳይርብሽ። የት እዚያ፣ እማ? ሞጣ ነዋ፣ ሌላ የት አለ።

ሌላ የት አለ።

ምንይሉ ሱቁን ትቶ በር ላይ ቆሟል፣ ሚስቱ ሊድያ ጃንጥላ ይዛ ትሮጣለች፣ ጎረቤቶች፣ እማማ ወለተ ኢየሱስ እንኳን መጡልን፣ እናቴ ሁሉንም ትስማለች፣ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ጥቅሏን ትፈታለች። መግነዟ ነው። ለቀብሯ ያስቀመጠችው፣ ታጥቦ፣ በሥርዓት ታጥፎ። ምነው እማ? ይላል ምንይሉ። እህትህ ልታሳርፈኝ አመጣችኝ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ እንደ ማር፣ ለአምላኩ በስልክ ስትነግረው ሰምቻለሁ፣ ዕረፍቴ ደረሰ አለችው፣ እኔም ዕረፍቴን ይዤ መጣሁ። ጎረቤቶች ያማትባሉ። አንዷ እኔን እያየች።

ምንይሉ ወደ እኔ ይዞራል፣ አባታችን አምስት ዓመት ቢገርፈው አንዲት ቅኔ ያልወጣው ወንድሜ፣ ዛሬ፣ በእኔ ላይ፣ ይዘርፋል። ሰጊ፣ እማ እኔ ጋ የምትቆየው እስክታርፍ ነው እስክታርፊ? ሊድያ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፣ እናቴ ጥርስ በሌለው አፏ ትስቃለች፣ እሰይ የአባትህ ልጅ፣ ትለዋለች፣ ለእኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላለችኝን። ከዚያ እሱ ሳቁን ይሰበስባል፣ ቀልዴን አይደለም፣ መግነዝ ይዛ የመጣች እናት ትተሽብኝ አትሄጂም፣ አንድ ነገር ብትሆን ሞጣ ምን ይለኛል?

ተዋት ትሂድ፣ ትላለች እናቴ፣ ሊድያ ታጥበኛለች፣ ስትመለስ መቃብሬን ታሳያታለህ።

ልናገር ነው፣ ግፊቷን፣ የሐኪሙን መቶ ዓመት፣ ፖፖውን፣ ስጦታውን፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው ይጠብቃል፣ እጄ ላይ ኮዳው አለ፣ ከእሱ እጎነጫለሁ፣ ጥሩ በሶ ነው።

ማክሰኞ ያለ እኔ የበረረው አውሮፕላን ዴልሂ በሰላም ማረፉን አምላኩ ጽፎልኛል። እናቴ አላረፈችም። እኔ አርፌ ተቀምጫለሁ።