ባለክንፏ ዳይም

ሰርካዲስ የልጇን የቤተልን እጮኛ አዶኒያስን ትወደዋለች፤ ቅር የሚላት ምግብ ቀርቦ ስልክ መነካካቱ ብቻ ነው። የዚያን ቀንም ፌርፋክስ ላይ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ቀርቦላቸው፣ ቤተል አንገት ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ የብር ሳንቲም ትኩር ብሎ አየና ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሜርኩሪ ዳይም የሚሉት የድሮ ዐሥር ሳንቲም ነው» አለ።

«ሜርኩሪ ደግሞ ማነው?»

«የድሮ ሮማውያን ያመልኩት የነበረ ጋድ ነዋ። ጭንቅላቱ ላይ ክንፉ አይታይሽም?»

የሰርካዲስ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። ሳንቲሟን ባሏ ስዩም ታክሲ ሲነዳ አግኝቶ፣ ቤተል የተወለደች ሰሞን በሰንሰለት አድርጎ ያሰረላት ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ቤተል ከአባቴ የቀረኝ የምትለው እሷን ብቻ ነው፤ በሰርጓም ቀን ልታደርጋት ቆርጣለች። ጣዖት! በልጄ አንገት! ይህን ሁሉ ዘመን አብሮን ሲጸልይ ኖሯል!

ሰርካዲስ ጌታን ያገኘች ጊዜ የእናቷን ጨሌ በገዛ እጇ እሳት ውስጥ የጨመረች ሴት ናት። የባዕድ አምልኮ ዕቃ ቤቷ አያድርም፤ ሽምግልናም አያድነውም። በማግስቱ ቤተል ሻወር ስትገባ ሰንሰለቱን አንስታ፣ ዌስት አዳምስ ወዳለው የጸሎት ቤት ከነፈች። የጸሎት መሪው ጋሽ ብርሃኑ ሳንቲሟን ገልበጥ አድርገው አዩና «በእርግጥም ክንፍ አለው» አሉ። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ የለም። መዶሻ መጣ። ሌሎቹ ጸሎተኞች ሲዘምሩ ሰርካዲስ ቀጠቀጠች፤ ብር ለስላሳ ነውና ፊቱ ወዲያው ጠፋ። የተረፈውን ጋሽ ብርሃኑ ሎንግ ቢች ወስደው ባሕር ውስጥ ጣሉት።

ቤት ስትመለስ ቤተልና አዶኒያስ ሶፋ ገልብጠው እየፈለጉ ነበር። ሰርካዲስ ያደረገችውን በኩራት ነገረቻቸው። አዶኒያስ ጭንቅላቱን ያዘ።

«እትዬ፣ ኖ! ሜርኩሪ እኮ ኒክኔሙ ነው! ትላንት ቤት ገብቼ ቼክ አደረግኩት። ጋድ አይደለም፣ ሴት ናት፤ ሊበርቲ፣ የነፃነት ምልክት። ክንፉን ቆቧ ላይ ያደረጉት ሰው በነፃነት ያስብ ለማለት ነው። ሰዉ ክንፉን ሲያይ ሜርኩሪ መሰለውና በዚያው ቀረ። ባፋሎ ኒክል የሚሉት አምስት ሳንቲም ላይ ያለውም ጎሽ ሳይሆን ባይሰን ነው። ሶ፣ ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጠራው።»

«መንግሥት አይደለም ስሙን ያወጣው?»

«ኔቨር! ሰዉ ነው። ሜርኩሪ ደግሞ ግሪኮቹ ሄርሜስ የሚሉት ነው።»

ሰርካዲስ የተገለበጠው ሶፋ ላይ ዘፍ አለች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ዐሥራ አራትን በቃሏ ታውቀዋለች። የልስጥራን ሰዎች ጳውሎስን ሲናገር ሰምተው በጣዖታቸው ስም ሄርሜን አሉት። እነሱ ያወጡለት ስም ነው እንጂ እሱ ምን አደረገ! እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ በድንጋይ ወገሩት። ስንቴ አስተምራበታለች! አሁን ግን ወጋሪዋ እሷ ሆና ተገኘች። ወደ ልጇ ዞረች።

«ቤቲዬ...» አለች።

«አባዬ እኮ ነው ያሰረልኝ፣ ማሚ። አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» ቤተል ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሰርጉ ደረሰ። ሚዜዎቿ ሐብል እናውስሽ ቢሏት ቤተል እምቢ አለች፤ ባዶ አንገቷን ይዛ አዳራሹ መድረክ ላይ ቆመች። ጋሽ ብርሃኑ ሊመርቁ ማይክራፎኑን ያዙና አዩዋት፤ ፊታቸው በራ።

«ወገኖቼ፣ እዩልኝ! ወርቅና ብር የናቀች ሙሽራ! እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገች እናት የተባረከች ናት!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሰርካዲስን አየ። ቤተልም አየቻት። ሰርካዲስ አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት።