ሎሪን የምታውቀው ፒክአፕ

የኦርቪል ፒክአፕ እርጅናውን የሚኮራበት ይመስላል። ድሮ ሰማያዊ የነበረው ቀለሙ ፀሐይና በረዶ ተፈራርቀውበት ምን እንደሚባል አይታወቅም። የሹፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ማሞቂያው የሚሠራው ሲያሰኘው ብቻ ነው። በአሜሪካ፣ በነብራስካ የአሸዋ ኮረብታዎች ላም የሚያረባ ሁሉ በየጊዜው መኪና ሲቀይር፣ ኦርቪል ወይ ፍንክች። ጎረቤቱ ክሊፍ ታዲያ ባገኘው ቁጥር ሳይነካካው አያልፍም።

"ይቺን ቆርቆሮ ዛሬም አልቀበርካትም?"

"መጀመሪያ አንተን ልቅበርና። ያንተዋ እንደሆነ ፍሬን ለመያዝ እንኳ ኮምፒውተር ታማክራለች።"

"ኧረ ወንበሯም ይሞቃል።"

"ቂጡ ለበረደው ነዋ!"

እንዲህ ይባባላሉ እንጂ ኦርቪል ለምን እንደሚወዳት ማስረዳት አይችልበትም። አዲስ መኪና ቀበቶ እሰር፣ በር ዝጋ እያለ ይጨቀጭቃል። ይቺ ግን ጠዋት ሁለቴ ሳል ሳል ትልና ሥራዋን ትጀምራለች። ሞተሯ ትንሽ ድምፁን ከቀየረ የቱ ብሎን እንደላላ ጆሮው ይነግረዋል። ካምቢዮዋን ሲጨብጥ የገዛ እጁን የጨበጠ ያህል ነው። የዛሬዋ ዓለም እያደር ብዙም አትገባውም ነበር፤ መሪዋን ሲይዝ ግን ቢያንስ አንድ የሚገባው ነገር አለ።

ይህ ሁሉ ግን ከሎሪን በኋላ የሚመጣ ነው።

ሎሪን ሚስቱ ናት። መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያ ድስት ጥዳ ረሳች፤ ከዚያ የሰው ስም፤ ከዚያ ደግሞ ቤቷን። አርባ ዓመት በኖረችበት ቤት መሀል ቆማ "እባክህ ቤቴ ውሰደኝ" ስትለው ቤትሽ ይኸው ነው ይላታል። የሚያደርገው ሲጠፋው እጇን ይዞ ወደ ፒክአፗ ይወስዳታል። ወንበሩ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ ነው። ሎሪን ትገባና ሸርተት ሸርተት ብላ መሀል ላይ፣ ከጎኑ ልጥፍ ትላለች፤ ገና ሲጠናኑ እንደነበረው። ከዚያ እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል ታደርግና "ኦርቪል፣ ቀስ በል፣ ሁልጊዜ ትበራለህ" ትለዋለች። ስሙን የምትጠራው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ለሱ ፒክአፗ መኪና መሆኗ ቀርቶ ሚስቱ አሁንም አብራው የምትኖርባት የመጨረሻዋ ክፍል ሆናለች።

መከር ላይ ልጃቸው ጃኔት ከከተማ መጣች። እናቷን ሐኪም ዘንድ በራሷ መኪና ልታደርሳት ሞክራ ነበር። በሁለቱ ወንበሮች መሀል ጠረጴዛ የሚያህል ሣጥን አለ፤ ሎሪን ቦታዋን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችውና መንገዱን ሙሉ ስትጮህ ሄደች። ጃኔት ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አባዬ፣ ብቻህን አትችላትም።"

"ማን አለ?"

"እኔ አልኩ። ከተማ ውስጥ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አለ።"

"እዚያ ካስገባሻት በሳምንቱ እኔን ትረሳኛለች።"

ጃኔት እናቷን አየት አደረገችና፣ "እሺ፣ እስከ ፀደይ እዚህ ትክረም" አለች። "ግን ላም ልታበላ ስትወጣ ይዘሃት እንዳትሄድ። አንዲት ጎረቤት ትጠብቃት። አንድ ነገር ከሆነች እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

ቃል ገባላት። ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው።

ሣሩን በረዶ በሸፈነው ክረምት ላም ማብላት በዚያ አገር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ከኋላ የጭነት ካሶኒው ላይ ቆሞ ድርቆሹን በመንሽ እየበተነ ይሄዳል። ዕድሜ ልካቸውን ሎሪን ነበረች የምትነዳው። ብቻውን የቀረ ሰው ሌላ ዘዴ አለው። መሪውን ያስተካክላል፤ "የአሮጊት ማርሽ" የሚሉትን ከሁሉም ቀርፋፋውን ማርሽ ያስገባል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቅና ወርዶ ከኋላ ካሶኒው ላይ ይወጣል። መኪናው ያለ ሹፌር፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሳለም አሮጊት ዝግ ብሎ ይሄዳል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ እብደት ነው የሚል የለም። ኦርቪልም ሎሪን ከታመመች ወዲህ እንዲያ ነው የሚያበላው።

በጥር አንድ ጠዋት በረዶው መንገድ ዘጋና ሎሪንን የምትጠብቀው ሴትዮ ሳትመጣ ቀረች። ላሞቹ አጥሩ ጋ ተኮልኩለው ይጮሃሉ። ለክሊፍ ቢደውልለት ትራክተሩን አስነስቶ ይመጣ ነበር። ግን እርዳታ መጠየቅ ለኦርቪል ከሞት ይከብደዋል፤ ብቻዋን ቤት ትቷት እንዳይሄድ ደግሞ ከወር በፊት በሌሊት ልብስ በረዶ ላይ አግኝቷታል። ካፖርቷን አለበሳትና ይዟት ወጣ።

ግጦሹ መሀል ሲደርሱ ማርሹን አስገባ።

"ሎሪን፣ ምንም እንዳትነኪ። እኔ ከኋላ ነኝ።"

"ሂድ ሥራህን ሥራ። አሁን አንተ ለኔ መንዳት ልታስተምረኝ ነው?"

የጥንቷ ሎሪን ናት የመለሰችለት። እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን ከፈተና እየሳቀ ወረደ። ካሶኒው ላይ ሆኖ ድርቆሹን እየበተነ በኋላ መስኮቱ መስታወት ሽበታም ጭንቅላቷን ያያል፤ እንዲያው እስከ ፀደይ እንዲህ ብትሆንልኝ፣ ሌላ ምንም አልልም፣ ይላል በሆዱ።

ጎማው የደረቀ የበረዶ ቁልል ላይ ወጣና ዘፍ አለ። የኦርቪል እግር ካሶኒው ላይ ተንሸራተተ። መሬት ላይ ሲያርፍ የዳሌው አጥንት ሲሰበር በጆሮው ሰማው።

ፒክአፗ ዝግ ብላ መንገዷን ቀጠለች።

"ሎሪን! ሞተሩን አጥፊው! ሎሪን!"

አልዞረችም። ላሞቹ ድርቆሹን ተከትለው ሄዱ፤ ያሳደጋቸው ሰውዬ ጋ አንዲት እንኳ የቀረች የለችም። ፒክአፗ ከፊት ያለውን ጉብታ ተሻገረችና ከዓይኑ ተሰወረች። ከጉብታው ወዲያ ኩሬው አለ፤ በረዶው ላም ይችላል፣ መኪና ግን አይችልም። ኦርቪል በክርኑ እየተሳበ ዳገቱን ሊወጣ ሞከረ። ጥቂት ሄዶ አቃተው። ከዚያ በረዷማው መሬት ላይ ተደፍቶ የኩሬው በረዶ ሲሰነጠቅ ለመስማት ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ። ጸሎት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን የመጣለትን ሁሉ አለ።

ብዙ ቆይቶ የመጣው ክሊፍ ነው። ሎሪንን አቅፎ፣ በመኪናዋ ዱካ ተመልሶ።

"ፒክአፗ ኩሬውን በጎን አልፋ፣ አጥሩን ጥሳ መንገድ ላይ ወጣች" አለ ክሊፍ እያለከለከ። "ሹፌር የለም፤ ሎሪን መሀል ላይ ቁጭ ብላለች። ስታየኝ አንድ ጣቷን አንስታ ሰላም አለችኝ። እኔም ጅሉ ትራክተሬ ላይ ሆኜ ሳላስበው ጣቴን አንስቼ አጸፋውን መለስኩ፤ ከዚያ ነው ሮጬ ሞተሩን ያጠፋሁት።"

"ደህና ናት?"

"ከኔም ካንተም ደህና ናት።"

"ክሊፍ፣ ለጃኔት እንዳትነግራት።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዳሌህ ተሰብሯል እኮ።"

"የዳሌውን ተወው። አትንገራት።"

ክሊፍ ካፖርቱን አውልቆ ደረበለት። ሰው ከሆነ ጀምሮ ያልቀለደበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

ጃኔት አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለው ነበር። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆማ "ቃል ገብተህልኝ ነበር፣ አባዬ" አለችና ግንባሩን ስማው ሄደች። ሎሪንም በዚያው ሳምንት ከተማ ገባች። ላሞቹን ክሊፍ ወሰዳቸው። ኦርቪል ክረምቱን ጣሪያ ሲቆጥር ከረመ።

በሚያዝያ በከዘራ ቆመ። ሐኪሙ በዚያ እግር ፍሪሲዮን መርገጥ አይታሰብም ብሎት ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ላብ እያጠመቀው ከተማ ድረስ ነዳ። መኖሪያው ውስጥ አንዴ በክሊፍ መኪና ሄዶ አይቷት ነበር፤ እንደ ግድግዳ ነው ያየችው። ግድ የለም፣ ፒክአፗን ስታይ ይመለስላታል ብሎ ነው ልቡን ያጽናናው።

አስታማሚዋ ሎሪንን ደግፋ ግቢው ውስጥ አወጣቻት። ሎሪን ፒክአፗን አየች። ፊቷ ፈካ፤ ፈጠን ፈጠን ብላ መጥታ ኮፈኑን ዳበሰችው።

"መጣ! ብያችሁ ነበር፤ ይኸው መጣ!"

"መጣሁልሽ ሎሪኔ" አለ ኦርቪል፣ ከፒክአፗ ወርዶ።

ቀና ብላ አየችው። ከከዘራው እስከ ሽበቱ አየችው።

"እርስዎ ማነዎት? ይሄ የባሌ መኪና ነው።"

"እኔ ነኝ እኮ፤ ኦርቪል።"

"ኧረ ይተዉ፣ አባቴ" አለች ሳቋ እየመጣ። ወዲያው ግን ፊቷ ተለዋወጠ። "ኦርቪል ይቺን መኪና ለሰው አይሰጥም። ምን አደረጋችሁት? የት ነው ያለው?"

መኪናዋን እየዞረች ትፈልገው ጀመር። አስታማሚዋ ልትይዛት ስትል ኦርቪል ቀደማት።

"አይዞሽ፣ እመቤት። ደህና ነው። መኪናዋን አቁምልኝ ብሎኝ ነው። ከተማ ውስጥ ጉዳይ አለበት።"

"ይመጣል?"

"ይመጣል።"

ሎሪን ተነፈሰች። "እንግዲያው መስኮቴ ስር ያቁሟት፣ እንዳያጣኝ። ቁልፉንም እዚያው ይተዉለት።"

እንዳለችው አደረገ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ኦርቪል ፒክአፗን ከመስኮቷ ስር ያቆማል። ሳታየው ይወርድና በከዘራው እየተጎተተ ማዶ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አጠገቧ የሄደ እንደሆነ ትሸበራለች፤ ስለዚህ አይሄድም። ፀጉሯን አበጥራ፣ ካፖርቷን ለብሳ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች፤ የሚያልፍ የሚያገድመውን "ባለቤቴ መጥቷል፣ አሁን ይወስደኛል" ትላለች። አስታማሚዎቹ በሳምንት ደስ ብሏት የምትውለው ያን ቀን ብቻ ነው ይሉታል። ኦርቪልም እስኪመሽ እዚያው ቁጭ ብሎ ያያታል፤ በዚያ በምትጠብቀው ሰውዬ ይቀናል።