ባለ ስምንት እጥፉ መነጽር

የአርዲት እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው የአሜሪካዋ ሞንታና በረዶ መቅለጥ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ሹካ ስትይዝ፣ ቀጥሎ የምትነዳውን የተማሪዎች አውቶቡስ ቁልፍ ስታስገባ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ፣ «የሚገድል አይደለም፤ የሚያናድድ ነው እንጂ» አላት። ለባሏ ለሃርላን ነገረችው። ለወንድሙ ለዴልማር ግን አልነገረችም። ዴልማር ከሰማ መቀለጃ እንደሚያደርጋት ታውቃለች።

ከዴልማር ጋር በየመስከረሙ ደጋን ይዘው ተራራ ይወጣሉ። የሚያድኑት ኤልክ ነው፤ ፈረስ የሚያክል፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ አጋዘን። ሃርላን ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ አደን ትቷል፤ ሁለቱ ግን አላቋረጡም። ሁለቱም አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት አስራ ሁለት እጥፍ የሚያጎላ አቅራቢ መነጽር ነበር። ማዶ ሸንተረር ላይ የቆመን እንስሳ ከነሽፋሽፍቱ ያሳያል። ዴልማር ከዚያ ያነሰውን መነጽር ብሎ አይቆጥረውም።

አደኑ ሊከፈት ሲል አርዲት በረንዳዋ ላይ ቆማ ማዶ ያለውን ግጦሽ በመነጽሩ አየች። ላሞቹ ወራጅ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስል ይርገበገባሉ። ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ ሞከረች። ያው ነው። ከምሰሶው ተደግፋ ሞከረች። ትንሽ ተሻለ፤ ግን ተራራ ላይ ማን ምሰሶ ያቆምላታል?

በማግስቱ የአደን ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ሮይስ ሄደች።

«ከፍ ያለ ፈልገሽ ነው?» አላት። «ባለ አስራ አምስት መጥቶልኛል። ማቆሚያ እግር ይፈልጋል እንጂ ጉድ ነው።»

«ዝቅ ያለ ነው የምፈልገው።»

ሮይስ ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን እጇን አየ፤ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ መደርደሪያው ዞረ። ሦስት መነጽሮች አንስቶ በሩ ድረስ ይዟት ወጣ።

«ያ ግንድ የጫነው መኪና ይታይሻል? በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ እስቲ።»

በባለ አስራ ሁለቱ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ግን ይጨፍራሉ። በባለ አስሩ የድርጅቱን ስም ለቀመች፤ ስልክ ቁጥሩ አመለጣት። በባለ ስምንቱ ፊደሎቹ አነሱ፤ አንሰውም ቆሙ። እስከ መጨረሻው አነበበችለት።

«ሲያጎላ እኮ መርጦ አያጎላም» አለ ሮይስ። «የእጅንም ንቅናቄ አብሮ ያጎላዋል። ደጋን ለያዘ ሰው ደግሞ እንስሳው ማዶ አይደለም፤ ጫካ ውስጥ አፍንጫው ስር ነው። ይሄኛው ሰፋ አድርጎ ያሳይሻል፤ ጨለም ሲልም አይከዳሽም።»

ዴልማር አዲሱን መነጽር ያየው አደኑ በተከፈተበት ጠዋት፣ መኪናው ውስጥ ነበር።

«ምንድነው ይሄ? ቲያትር ቤት መድረክ ልታዪበት ነው?»

«ለዓይኔ ተስማማኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በቃ አረጀሽ! ኤልኩ ሲያይሽ በሳቅ ይሞታል፤ እኛም ሳንደክም እንገፈዋለን።» እስኪያስለው ሳቀ። አርዲት መስኮቱን ከፈተችና ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ ስትገባ፣ ጥቅጥቅ ካለው ጥድ አጠገብ ቦታ ያዙ። ዴልማር ከፊት፣ የወደቀ ግንድ ጀርባ ተንበረከከ። አርዲት ከኋላው ሆና፣ እንደ ወንዴ ኤልክ በሚያስጮኸው ቱቦ ጮኸች። ከታች መልስ መጣ። ደገመችው። መልሱ ቀረበ።

ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ጥዶቹ መሃል አንድ ቡናማ ነገር ቆመ። ዴልማር መነጽሩን አነሳ፤ ጨለም ያለች ጠባብ ክብ ውስጥ ቡናማ ጎን አየ፤ ከበላዩ የተንጨፈረረ ቀንድ። መነጽሩን ለቀቀና ቀስቱን ደጋኑ ላይ አድርጎ አውታሩን ሳበ።

አርዲትም እያየች ነበር። በእሷ መነጽር ቡናማው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን ዙሪያው ሁሉ አብሮ ይታያል። ቀንድ የመሰለው ከጀርባ ካለ የደረቀ ዛፍ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። ዓይኗን ወደ ታች አወረደች። እግር ፈለገች። የጫማ ማሰሪያ አየች።

«ዴልማር! ሰው ነው! እንዳትለቅ!»

ዴልማር አልለቀቀም። አላወረደምም። «አበድሽ እንዴ? አስደነበርሽብኝ እኮ!» አለ በጥርሱ መሃል።

ቡናማው ነገር ሁለት እጅ አወጣ። «እዚህ ነኝ! ኧረ እንዳትመቱኝ!»

ሰውዬው ዌንዴል ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ፣ ቡናማ የሸራ ጃኬት የለበሰ። እጁ ላይ እንደ አርዲት ያለ ቱቦ ይዟል። ይስቃል።

«እርስዎ ነዎት የሚጮኹት? እኔ እኮ የተራራውን ንጉሥ አገኘሁ ብዬ በሆዴ ስሳብ ነው የመጣሁት!»

«እኔም እርስዎን ንጉሥ ብዬ ነበር» አለች አርዲት፤ እሷንም ሳቅ ያዛት። ሁለቱም ማቆም አቃታቸው።

ዴልማር አልሳቀም። ግንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ደጋኑ ከነቀስቱ ጭኑ ላይ ነው። አርዲት ሄዳ ከእጁ ወሰደችለት። የእሷ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእሱ ግን ባሰ።

ሲመለሱ መኪናውን የሚነዳው ዴልማር ነበር።

«ቀንድ አይቻለሁ» አለ። «በእናቴ፣ አይቻለሁ።»

«ቅርንጫፍ ነበር።»

«አይቻለሁ እኮ ነው የምልሽ።» መንገዱ ሲታጠፍ መሪውን አዞረ። «ስለ እጅሽ አውቃለሁ። ሃርላን ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ።»

«በመነጽሬ ስትስቅብኝ የነበረውስ?»

«እሱ ሌላ ነው። መነጽሩ ራሱ ያስቃል።»

በማግስቱ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ቀጥሎ መኪናዬ ተበላሸ አለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው፤ አርዲትም አልጎተጎተችውም።

አደኑ ሊዘጋ ሲል ዌንዴል ደወለ። ስልክ ቁጥሯን ያገኘው ከሮይስ ነው። «ብቻዬን መውጣት ፈራሁ፤ ከእርስዎ ጋር ግን አልፈራም» አላት። አብረው ወጡ። ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ኤልክ ግልገሏን አስከትላ ከጥዱ ወጥታ፣ አርዲት ካለችበት ድንጋይ ብትወረውር በምትመታት ርቀት ቆመች። አርዲት አውታሩን ሳበች። እጇ እስኪረጋ ጠበቀች። አልረጋም። ቀስ ብላ መለሰችው፤ ኤልኳም ሳር እየነጨች አለፈች።

«ምነው?» አለ ዌንዴል በሹክሹክታ።

«እርግጠኛ አልሆንኩም።»

«እንኳንም ተዉት» አለና ሳንድዊቹን ፈታ።

ባዶ እጇን ቤት ስትገባ ዴልማር ከሃርላን ጋር ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። ስለ ደጋኑም ሆነ ስለ ወገቡ አላወራም።

«ምን አያችሁ?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

አርዲት ጃኬቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ኤልኳ ከየት እንደመጣች፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደነበር፣ ግልገሉ እንዴት እናቱን ትቶ ወደ እነሱ ሊመጣ እንደነበር ነገረችው። ዴልማር ወንበሩን አስጠግቶ አዳመጠ።