በጉ ከታረደ በኋላ

1.

በጉ ታርዷል። ከዚህ የምጀምረው ወድጄ አይደለም፤ ነገሩ የከበደው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ነው። ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ በሚሞላበት ቀን ሠራተኛው ሥጋ ይበላል። ይህን ያጓደለ ባለቤት ስሙ ለዓመት በክፉ ይነሣል።

2.

ፎርማኑ ጋሽ ውብሸት ብረቱንም፣ ሳንቃውንም፣ ድጋፉንም «ታይቷል» ብለው ፈርመዋል። የቀረው የመሐንዲሷ የትርሲት ፊርማ ነው። ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸው የፈረሙበትን ደግሞ ማየት «አላመንኩዎትም» ማለት መሰላት።

ቢሆንም አጎንብሳ ኮንክሪቱ ከሚፈስበት ሳንቃ ሥር ገባች።

3.

ሦስት የባሕር ዛፍ ድጋፎች የቆሙት ባለፈው ሳምንት በተደፈነው አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ ነበር። አፈሩን በጫማዋ ረገጥ ብታደርገው ሰመጠ።

ከላይ አርባ ሰው ኮንክሪት ተሸክሞ ሊወጣ ነው።

4.

ትርሲት ዝም ለማለት የደረደረቻቸው ምክንያቶች፦

ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አይሳሳትም።

ሦስት እንጨት ምን ያመጣል?

የሕንፃው ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት እንግዳ ጠርተዋል።

ጥብሱ ሸተተ። (ቁርስ አልበላችምና ይኼኛው ከሁሉም ከበደ።)

5.

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ከሥር ገብተው አይተውታል?

ጋሽ ውብሸት፦ አንቺ ታይዋለሽ ብዬ ነው የፈረምኩት።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ እርስዎ አይተውታል ብዬ ልፈርም ነበር።

6.

ሁለቱም ፊርማው ወዳለበት ወረቀት አዩ።

7.

እዚህ ላይ አንባቢ ሽማግሌው «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይላሉ ብሎ ይጠብቃል። እኔም ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ሲወጡ ጉልበታቸው ላይ ጭቃ ነበር። ማደባለቂያውን አስጠፉና ሥጋው ዛሬ፣ ሙሌቱ ድጋፉ ከተስተካከለ በኋላ እንደሚሆን ለሠራተኛው ነገሩት።

ወይዘሮ የሺመቤት ሳይሞላ ይበላል ወይ ብለው ጠየቁ። ምክንያቱን ሲሰሙ ግን ሳንቃውን ቀና ብለው አዩና፣ ለራሳቸው አማትበው፣ አዋዜ ይጨመር አሉ። አርባው ሰው ልብሱን ሲሚንቶ ሳይነካው እየተሳሳቀ በላ። ትርሲት እፎይ አለች። አለቀሰች የሚሉም አሉ፤ እሷ ሚጥሚጣው ነው ትላለች።

8.

ከምሳ በኋላ የመዘግየቱ ማስታወሻ መሞላት ነበረበት። ጋሽ ውብሸት ዝናብ ብለሽ ጻፊ አሏት። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ትርሲት ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

ጋሽ ውብሸት እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው ልጄ፣ እኔው ልጻፈው።»

9.

ሙሌቱ የዘገየበት ምክንያት፦ ከሥር ገብቼ ሳላይ ፈርሜ ነበር።



ፊርማ፦ ውብሸት